የጎረቤት ዕቃ

ዐብላ ልጇ ለወግ ለማዕረግ እንድትበቃ ዱዓ ሳታደርግ ውላ አድራ አታውቅም። ከዋናው በር በላይ የተጠቀለለውን ምንጣፍ የሰቀለችውም ራሷ ናት። በሐረር ግንብ ውስጥ ይህ ምንጣፍ ከአዋጅ ነጋሪ አያንስም፤ በዚህ ቤት ለባል የደረሰች ልጅ አለች፣ የምትፈልጉ በሥርዓቱ አንኳኩ ማለት ነው። ምንጣፉን ስትሰቅል ግን በሐሳቧ የነበረው አማች ከአቦከር ሰፈር፣ ቢርቅ ቢርቅ ከሐኪም ጋራ ግርጌ የሚመጣ ነበር። ጠዋት ልጇ ናፍቃት ብትነሣ ፀሐይ ሳይበረታ ደርሳ የምትመለስበት ቦታ። አላህ ዱዓዋን ሰምቶ አማቹን ላከላት፤ አድራሻውን ብቻ ትንሽ አራቀው።

አማቹ ዐብዱረዛቅ ይባላል። የፈላና በር ልጅ ነው። አባቱንም አያቱንም ታውቃለች፤ በልጅነቱ ግድግዳዋን በከሰል ሲሞነጫጭር ይዛ ጆሮውን ቆንጥጣዋለች። ካደገ በኋላ ግን ከአጎቱ ጋር ቡና ሊነግድ ባሕር ተሻግሮ ሕንድ አገር ገባ፤ ቦምቤይ በሚባለው ትልቅ ከተማ ሥራ ይዞ እዚያው ቀረ። በ1951 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ ዘመድ ሊጠይቅ መጣና ሐሊማን አየ። ሐሊማም አየችው። ከዚያ በኋላ የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር፤ እሱንም አላዘገየውም።

የሐሊማ አባት ሐጂ ዐብዱልገኒ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሱቁ ውስጥ ቃሉ ቃል ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን ቃሉን ከጫማው ጋር በር ላይ ይተወዋል። ለሽማግሌዎቹ «እኔ ልጁን ወድጄዋለሁ፤ እናቷ ያለችው ይሆናል» ብሎ ነገሩን ሁሉ ዐብላ ትከሻ ላይ ጣለና ለዐስር ሶላት ወደ መስጊድ ሄደ።

ዐብላ ልጇን ጠራቻት። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እሄዳለሁ፣ እማ» አለች ሐሊማ። ዓይኗ መሬት ላይ ነበር፤ ድምፅዋ ግን መሬት ላይ አልነበረም።

ዐብላ ከሐሊማ ሌላ ልጅ የላትም። በዚያ ላይ ዐብላ የሰፈሩ ሴቶች አፎቻ ሰብሳቢ ናት። አፎቻ ማለት ሠርግ ሲሆን አብሮ የሚደግስ፣ ለቅሶ ሲሆን አብሮ የሚቀመጥ የጎረቤት ማኅበር ነው። በዚያ ሰፈር ሴት ምጥ ሲይዛት፣ ለድግስ ድስት ሲያንስ፣ ሰው ሲሞት ዐብላ ሳትጠራ አይዋልም። ስለዚህ ቦምቤይን ስታስብ የሚታያት ባሕሩም መርከቡም አልነበረም። የሚታያት ልጇ በሰው አገር ታማ ተኝታ፣ በሯን የሚያንኳኳ ሰው ጠፍቶ ነበር። ሰው ከሌላት አልሰጣትም አለች በልቧ። ሰው ካላት ግን ምን ብዬ እከለክላታለሁ?

በዚያ ሳምንት ሐረር ውስጥ ስለ ቦምቤይ የማያውቅ ሰው ጠፋ። ሄዶ ያየ ግን አልተገኘም። አንዱ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል አለ። ሌላው ዝናቡ ከጀመረ ዓሣ ቤት ውስጥ ይገባል አለ። አንዲት የሐጂ አክስት «የሚበሉት ሁሉ ቅመም ነው አሉ፤ ልጅቷ ጨጓራዋ መቃጠሉ ነው!» ብለው አለቀሱ፤ ይህን ያሉት ሥጋቸውን ሚጥሚጣ እያስነኩ ነበር።

ከሁሉም የባሰው ግን ሃምሳ አለቃ ኃይለመስቀል ነበር። የገላነሽ ባል ነው። ገላነሽ ከግንቡ ውጭ ካሉት ክርስቲያኖች ወገን ናት፤ ፈላና በር አጠገብ በስፌት መኪና ልብስ ትሰፋለች፣ ከዐብላ ጋርም ምስጢር የሚካፈሉ ወዳጆች ናቸው። ኃይለመስቀል ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ሰው ነው። በዕረፍቱ ጊዜ ቶኪዮን ስላየ፣ ከዚያ ወዲህ ስለ እስያ የሚነሣው ወሬ ሁሉ የእሱ ርስት ሆኗል። ዐብላ ገላነሽን ልታማክር ስትሄድ ወንበሩን ጎትቶ መሃላቸው ገባ።

«እትዬ ዐብላ፣ እኔን ይጠይቁኝ። ቶኪዮን ያየ ቦምቤይን አየ ማለት ነው።»

«ሁለቱ ከተሞች ጎረቤት ናቸው እንዴ?» አለች ዐብላ።

«እስያ እስያ ነው!» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንደኛ፣ ቤት ሲገባ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ይህን ሳታውቅ ከሄደች ታፍራለች።»

«የእኛ ጫማ የት የሚወልቅ ይመስልሃል?»

ኃይለመስቀል ወንበሩን አስጠጋ። «ሁለተኛ፣ የሚቀመጡት ምንጣፍ ላይ ነው።»

ዐብላ ምንጣፍ ላይ ተወልዳ ምንጣፍ ላይ ያረጀች ሰው ናት።

«ሦስተኛ፣ ጥሬ ዓሣ ይበላሉ» አለ፣ አሁንስ አገኘሁት በሚል ፊት።

ገላነሽ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «አንተስ በፋሲካ ጥሬ ሥጋ አይደል የምትበላው?» አለችው። ከዚያ ወደ ዐብላ ዞረች። «ይህን ሁሉ ሰው ከምትሰሚ ልጁን ራሱን አስቀምጠሽ ጠይቂው። የሚኖርበት እሱ ነው። እኔ ብሆን አንድ ነገር ነው የምጠይቀው፤ ጎረቤቱ ማን ናት?»

ይህ ከዐብላ ልብ ገባ። በማግሥቱ ዐብዱረዛቅን አስጠራችው።

የሐረር ሰው ቤት የውስጡ መደብ ከፍና ዝቅ ያለ ነው። አባወራው የት፣ ሽማግሌ የት፣ እንግዳ የት፣ አገልጋይ የት እንደሚቀመጥ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ዐብዱረዛቅ ጫማውን አውልቆ፣ ሰላምታውን አሳምሮ ገባና ከበሩ ኋላ ካለችው ከመጨረሻዋ ዝቅተኛ መደብ ላይ ቁጭ አለ። የዐብላ ቅንድብ ተነሣ።

«ልጄ፣ ባሕር ማዶ ስትቆይ ቦታህን ረሳኸው እንዴ?»

«አልረሳሁም» አለ ዐብዱረዛቅ። «የምነግርዎትን ሲሰሙ ውረድ ይሉኛል ብዬ ነው። አስቀድሜ ልውረድ አልኩ።»

ዐብላ ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። «በል ንገረኝ።»

«ለሐጂ ቤት አለኝ ብያለሁ። ቤት ማለት ግን አንድ ክፍል ናት፤ ያውም ኪራይ። ሕንፃው ፎቅ ነው፤ እኔ ሦስተኛው ላይ ነኝ። ደረጃው ጠባብ ነው። ውሃ በየፎቁ አንድ ቧንቧ ነው፣ የሚመጣውም ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ያን ጊዜ ያልቀዳ ቀኑን ሙሉ ሲለምን ይውላል። ዝናቡ ሲይዝ ለወራት አያባራም፤ ልብስ ሳይደርቅ ይሻግታል። የሐረር ወንዶች አለን፤ ሚስቱን ያመጣ ግን እስካሁን የለም። ሐሊማ ቋንቋዋን የምታናግራት ሴት አታገኝም።»

ከጓዳው በኩል የሆነ ዕቃ ኮሽ አለ። ሐሊማ እዚያ መሆኗን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም እንዳላወቁ ሆኑ።

«ግድግዳውስ?» አለች ዐብላ። ይህ ለሌላ አገር ሰው የማይረባ ጥያቄ ሊመስል ይችላል። የሐረር ሙሽራ ግን እናቷ በእጇ የሰፋችላትን ባለቀለም ስፌት በግድግዳዋ ላይ ደርድራ ነው ቤት አለኝ የምትለው። ስፌት ያልተሰቀለበት ግድግዳ ለእነዚህ ሴቶች ገና ያልተገባበት ቤት ነው።

ዐብዱረዛቅ አንገቱን ደፋ። «ሲሚንቶ ነው። ምስማር አይቀበልም፤ ባለቤቱም ምስማር መምታት ከልክሏል።»

ለሐሊማ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰፋላት የኖረችው ስፌት ሁሉ ዐብላ ዓይን ላይ መጣ።

«ጎረቤትህ ማን ናት?» አለች በመጨረሻ።

«ከበሬ ትይዩ ሳቪታ የሚሏት ባሏ የሞተባት ሴት አለች። የጣዖት እምነት ተከታይ ናት። ሥጋ አትበላም፤ ሌላ እምነት ያለው ሰው ያበሰለውንም አትቀምስም። ክፉ ግን አይደለችም።»

«ታነጋግርሃለች?»

«ጠዋት ጠዋት ራሷን ትነቀንቅልኛለች።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ደጅ ለደጅ ስትኖሩ ራስ መነቅነቅ ብቻ?» አለች ዐብላ፣ ከልቧ ደንግጣ።

«የላጤ ቤት የሚያንኳኳ ማን አለ ብለው ነው?» አለ ዐብዱረዛቅ። ዐብላ ያን ጊዜ ይህ ልጅ ብቻውን መኖር ምን እንደሆነ ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ገባት፤ አንጀቷንም በላው።

«ተነሥና እዚያ ላይኛው ተቀመጥ» አለችው። «ገና አልሰጠሁህም። ግን ከበር ኋላ የሚያስቀምጥ ነገር አልሠራህም።»

እሱ ከሄደ በኋላ ሐሊማ ከጓዳ ወጥታ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። «እማ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አሁንም እሄዳለሁ። እዋሽሻለሁ እንዴ? ፈርቻለሁ። ግን እሄዳለሁ።»

ዐብላ የልጇን ጸጉር እየዳበሰች ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገረቻት። እሷ ራሷ ከአቦከር ወደዚህ ስትዳር አንድ ሳምንት ሙሉ አልቅሳለች። የአባቷ ቤት ዶሮ ሲጮኽ በሚሰማበት ርቀት ላይ ሆና የተሰደደች መስሏት ነበር። አንድ ጠዋት ዐይሻ የምትባል ጎረቤት በሯን አንኳኩታ እሳት ስጭኝ አለቻት። ዐብላ ዓይኗን ጠራርጋ ፍም ሰጠቻት። በማግሥቱ ዐይሻ የዱባ ወጥ ይዛላት መጣች፤ በሦስተኛው ቀን ዐብላ የወጡን ሳህን ሞልታ ልትመልስ ሄደች፤ በዚያው ሳቅ ጀመረች።

«ኋላ ነው የገባኝ» አለች ዐብላ። «የዐይሻ ምድጃ ያን ጠዋት እየነደደ ነበር። ጭሱን በዓይኔ አይቼው ነበር እኮ።»

ከዚያ ተነሥታ ከግድግዳው ላይ አንዲት ክዳን ያላት ትንሽ ሙዳይ አወረደች። ከሁሉም ስፌቶቿ የምትወዳት ናት፤ ቀዩና ጥቁሩ ሰበዝ እንደተሰፋ ቀን ነው። «ስትደርሺ ይህችን የባቢሌ ኦቾሎኒ ሞልተሽ፣ ከነልጣጩ፣ ያልተቆላ፣ እጅ ያላበሰለው፣ ለዚያች ሴት ውሰጂላት። የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሞልታ ከመለሰችልሽ ሰው አለሽ፤ እኔም እዚህ ተኝቼ አድራለሁ። ባዶውን ከመለሰችው ወይ ደግሞ እንደወጣ ከቀረ፣ ሰው የለሽም፤ አባትሽ መጥቶ ያመጣሻል። ማንም አይቆጣሽም።»

«እጽፍልሻለሁ።»

«አትጻፊልኝ። በወረቀት ሰው ሁሉ ደህና ነው። ቡና ነጋዴው ሙሳ እዚያ ለንግድ ሲመጣ አይቶ ይንገረኝ።»

እንዲህ ተባብለው ተስማሙ። ሠርጉ ሆነ፤ አፎቻው ደገሰ፤ ገላነሽም በእልልታ ከእስላሞቹ ሴቶች በለጠች። ሙሽሮቹ በድሬዳዋ ባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ሲሄዱ ዐብላ አላለቀሰችም። ቤቷ ገብታ ከበሩ በላይ ያለውን ምንጣፍ ስታወርድ ነው ያለቀሰችው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በሰላም ደርሰናል የሚል ወረቀት መጣ፤ ደህና ነን የሚል ሁለተኛ ወረቀት መጣ። ሐጂ ዐብዱልገኒ ባነበበላት ቁጥር ዐብላ «እሺ» ብቻ ትላለች። ሙዳይዋ ተሰቅላበት የነበረችው ቦታ በግድግዳው ላይ ባዶ ነበር፤ ሌላ ስፌት እንስቀልበት ሲሏት እምቢ አለች።

ሙሳ የመጣው ሐሊማ ከሄደች ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀር ነው። የሐጂ የአክስት ልጅ ነው፤ ቡና ይዞ ባሕር የሚመላለስ፣ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል፣ ወሬ ሲያወራ ከመጀመሪያው መጀመር የማይችል ሰው። ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ዐብላ «ሙዳይዋስ?» አለችው።

«ሙዳይዋማ አልተመለሰችም» አለ ሙሳ።

ዐብላ ቁጭ አለች። ሐጂ ዐብዱልገኒ «አይዞሽ» ሊላት አፉን ሲከፍት «ተነሥ!» አለችው። «ተነሥ፣ ለጉዞ ተዘጋጅ። ልጄን አምጣልኝ።»

«ቆይ፣ ቆይ!» አለ ሙሳ እጁን እያወዛወዘ። «አልጨረስኩም እኮ! አልተመለሰችም ማለት ተሰቅላለች ማለት ነው።»

«የት?»

«ሳቪታ ግድግዳ ላይ።» ሙሳ ዘና ብሎ ተቀመጠና ወሬውን አሁን ከመጀመሪያው ጀመረው። ሐሊማ እንደተባለችው ሙዳይዋን ሞልታ ወሰደች። ሳቪታ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ በሩንም ዘጋች። አንድ ቀን አለፈ፤ ሁለት ቀን አለፈ፤ ሙዳይዋ የለችም። ሐሊማ ከቧንቧው ስትመለስ ያቺን የተዘጋች በር እያየች ታለቅስ ነበር። ሻንጣዋንም አንድ ጊዜ አውርዳው ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ሳቪታ ራሷ መጥታ እጇን ይዛ ጎትታ ወደ ቤቷ አስገባቻት። ሙዳይዋ ከበሩ ትይዩ ካለው ግድግዳ ላይ፣ ገቢ ወጪው ሁሉ በሚያያት ቦታ ተሰቅላለች።

«ሴትዮዋ ስጦታው ሙዳይዋ መስላታለች!» አለ ሙሳ እየሳቀ። «ኦቾሎኒው ሙዳይዋ እንዳትጨፈለቅ የተሞላ ማሸጊያ ነው ብላ ለዝንጀሮ ልትሰጠው ነበር አሉ። አይ እንድትበዪው የመጣ ነው ብሎ ዐብዱረዛቅ ነገራት።»

ዐብላ ግን አልሳቀችም። «ያ ቤት ምስማር አይቀበልም ተብሎ አልነበረም?»

ሙሳ ሳቁን ገታ። «አይቀበልም። እሷ አንድ የቆየች ምስማር አላት፤ የሞተው ባሏ ፎቶግራፍ የተሰቀለባት። እሱን አውርዳ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። እሱ ከመስኮቱ መንገዱን ይይ፣ እኔ ደግሞ ከልጅቷ እናት እጅ የወጣውን ልይ አለች።»

ዐብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ደግማም ጠረገች። ያላየቻትን፣ ቋንቋዋን የማትሰማላትን፣ በእምነት የማትገናኛትን ሴት በዚያች ሰዓት ወደደቻት።

«አሁን ሐሊማ ውሎዋ እዚያ ነው» አለ ሙሳ። «ውሃ ስትቀዳ ቦታ የምትይዝላት ሳቪታ ናት። ቋንቋውን ከእሷ እየለቀመች ለእኔ ለራሴ ገበያ ውስጥ ተረጎመችልኝ። ይኸው፣ ይህን ደግሞ ሳቪታ ለእናቷ ስጥ ብላኛለች» ብሎ ከጓዙ ውስጥ የነሐስ ሣጥን አወጣ። ከመዳፍ ትንሽ ተለቅ ብላ፣ ክዳኗ ላይ አበባ የተቀረጸባት ናት።

ዐብላ ከፈተችው። እስከ አፉ ድረስ የጠጠር ስኳርና ሄል ሞልቷል። ሐጂ ዐብዱልገኒ አንድ ጠጠር ሊያነሣ እጁን ሲሰድ እጁን መታችውና ወደ ታች ፈተሸች። ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ አገኘች። ስባ ብታወጣው ከአሮጌ ልብስ የተሰፋች እጀ ጠባብ ናት፤ ለአሻንጉሊት ካልሆነ ገና ለተወለደ ልጅ እንጂ ለማንም የማትሆን።

ዐብላ ቀና ብላ ሙሳን አየችው። ሙሳ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። «እኔ ወንድ ሆኜ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ልጀምር?» አለ። «ከሦስት ወር በኋላ ነው አሉ፣ ኢንሻአላህ።»

የዐብላ እልልታ ፈላና በር ድረስ ተሰማ። ገላነሽ የምትሰፋውን ትታ በጣቷ ላይ ያሰረችውን ክር እንኳ ሳትፈታ እየሮጠች መጣች።

ስኳሩ ለአፎቻው ተበተነ፤ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ አንድ ጠጠር። ሣጥኗ ባዶዋን ቀረች፤ ባዶ ሣጥን ደግሞ ዐብላ ቤት አያድርም። ሙሳ «ስመለስ እኔ አደርሰዋለሁ» ቢል ዐብላ ራሷን ነቀነቀች።

«የጎረቤት ዕቃ በመልእክተኛ አይመለስም» አለች። «እኔ እወስደዋለሁ።»

ሐጂ ዐብዱልገኒ የሰማውን ማመን አቃተው። ይህች ሴት ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ እንኳ ሳምንት የምታስብ ናት። ሙቀቱን አነሣ፣ ዝናቡን አነሣ፣ ደረጃውን አነሣ፤ አምና የሰማችውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር መልሶ አነሣባት። ዐብላ ሣጥኗን በአመድ እየወለወለች እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ «ልብሴን የት አስቀመጥክብኝ?» አለችው።

ሣጥኗን የሞላው አፎቻው ነው። እያንዳንዷ ሴት ከቤቷ የተመረጠ ቡና ይዛ መጣች፤ ሣጥኗ ትንሽ ሆና እፍኝ ለእፍኝ አልበቃ ስላለ ከየእጃቸው ጥቂት ጥቂት ፍሬ እየጣሉ ሞሏት። ገላነሽም የራሷን ጣለች። ሃምሳ አለቃ ኃይለመስቀል የዐብላን መሄድ ሲሰማ ወንበሩን ይዞ ሊመክር መጥቶ ነበር፤ ገና «አንደኛ» ከማለቱ ዐብላ ቀደመችው።

«አንደኛ፣ ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ» አለችው። «ሁለተኛውን ስመለስ እኔ እነግርሃለሁ።»

የይለፍ ወረቀቷን ለማውጣት ከሐጂ ጋር ቢሮ በሄደች ዕለት፣ ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የአባቷን ስም ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ «የጉዞው ምክንያት?» አለ።

«የጎረቤት ዕቃ ልመልስ» አለች ዐብላ።

የጸሐፊው ብዕር ቆመ። ሐጂ ዐብዱልገኒ አፍሮ ጉሮሮውን ጠረገና «ልጇን ልትጠይቅ ብለህ ጻፍ፣ ልጄ» አለው።

«ልጄንማ ማየቴ መቼ ይቀራል» አለች ዐብላ፣ ጭኗ ላይ የያዘቻትን ሣጥን ክዳኗን እየደባበሰች። «እሱ ግን የጠየቀው ምክንያቱን ነው። ጻፍ ልጄ፤ ቦምቤይ ጎረቤት አለችኝ።»